እጃችን የወጣው ለማጽደቅ ብቻ ነው

ወንበሩ ተሰጥቶን ነበር። ታግለን አላገኘነውም፤ ደጅ አልጠናንበትም። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ አወጣ። በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ይቋቋም፣ በየትምህርት ቤቱም የወላጅና መምህር ኅብረት ይኑር አለ። መጀመሪያ ወመህ ያልነው፣ ኋላ ተማሪ ሲጨመርበት ወተመህ ያልነው ይኸው ነው። ወላጅ የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ይመልከት፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠይቅ፤ ከክፍል የሚቀር መምህርን ይከታተል፤ ያቋረጠ ልጅ ለምን እንዳቋረጠ ይወቅ። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ተሰጠን። መመሪያው ወደ እኛ ደቡብ ኦሞ ወርዶ ጂንካ ደረሰ፣ ቀይ አፈር ደረሰ፣ ዲመካና ኦሞራቴ ደረሰ።

ምን አደረግንበት?

ተቀመጥን፤ ተነሣን። አቴንዳንስ ላይ ፈረምን። ሪፖርቱ ሲነበብ ግማሾቻችን ሰማን፤ ግማሾቻችን ስልካችንን ነካካን። መዋጮው ስንት እንደሆነ ሲነገር አጉረመረምን። «ተቃውሞ ያለው?» ሲባል ዝም አልን። «የምትደግፉ?» ሲባል እጃችንን አወጣን። አጨበጨብን። ተበተንን።

ማውራት የጀመርነው ከግቢው በር ላይ ነው። በር ላይ እኮ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን! የሒሳብ መምህሩ ከለቀቀ ወዲህ ሌላ እንዳልተተካ እናውቃለን። የልጃገረዶቹ ሽንት ቤት በር እንደሌለው እናውቃለን። መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ እንደሆነ፣ የተሰበሰበው መዋጮ ላይ ደረሰኝ እንዳልተቆረጠ እናውቃለን። አዳራሹ ውስጥ ያላልነውን ሁሉ በር ላይ እንለዋለን፤ ቡና ላይ ደግሞ እንደግመዋለን። ቃለ ጉባኤው የያዘው ግን የአዳራሹን ዝምታ ነው። «ተሰብሳቢው በሪፖርቱ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» ይላል። ውሸት ነው? አይደለም። እጃችንን አውጥተናል።

ምክንያት አላጣንም። ስብሰባው ቅዳሜ ሲጠራ የጂንካ ገበያ ነው አልን። እሑድ ሲጠራ ጸሎት ነው አልን። በሥራ ቀን ሲጠራ ሥራ አለብን አልን። ታዲያ መቼ ይጠራ? አባት እናትን ላከ፤ እናት ታላቅ እህትን ላከች። የታናሽ ወንድሟ ወላጅ ሆና የፈረመች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስንት አየን? ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዕቁብ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን አልቀረንም። የልጃችን ስምንት ዓመት ለሚወሰንበት ሁለት ሰዓት ጊዜ አጣን።

«ፈርተን ነው» የምንልም አለን። ልክ ነው፤ ፍርሃት ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ የቀበሌው ሹም ነው። ስብሰባው የልማት ነው ይባልና ግምገማ ይሆናል። አንድ ለአምስት ተደራጅተን በነበርንባቸው ዓመታት የተናገረ ሰው ስም ይወጣለት ነበር፤ አፍራሽ፣ ጸረ ልማት፣ ሌላም ሌላም። ይህን የሚክድ ሰው በዚያ ዘመን አልኖረም። ግን እስቲ እንተማመን። የሽንት ቤት በር መጠየቅ ፖለቲካ ነበር? «ልጄ 3ኛ ክፍል ደርሶ ስሙን መጻፍ አልቻለም» ማለት ያሳስር ነበር? ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ጀርባ ስንፍናችንን ደበቅንበት። ፍርሃት ክብር አለው፤ ስንፍና የለውም። ስለዚህ ፍርሃቱን መረጥን።

ከዚያ ደግሞ ገንዘብ መጣ። በ2001 ዓ.ም. አጠቃላይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ይላክ ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የወረዳው በጀት አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለጠመኔ እንኳ የሚተርፍ የለም። ትምህርት ቤቱ በራሱ እጅ የሚያዝበት፣ በራሱ ዕቅድ የሚያወጣው ገንዘብ ይህ ድጎማ ነበር። የድጎማው ደንብ ምን ይላል? ዕቅዱ ከወላጆች ጋር ይመከርበት። ምን ያህል እንደመጣና በምን ላይ እንደዋለ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሰሌዳው በር ላይ ነው። እኛ የምናወራው በር ላይ ነው። ቀና ብለን ያነበብን ስንቶቻችን ነን? ወረቀት ካልተለጠፈስ «የታል?» ያልን?

አንድ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ኡጋንዳን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የኡጋንዳ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ከሚልከው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ ይደርስ የነበረው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ጥናት አሳየ። ቀሪው መንገድ ላይ ቀረ። መንግሥት ከዚያ በኋላ የተላከውን ገንዘብ ጋዜጣ ላይ አወጣ፤ ትምህርት ቤቶችም ሰሌዳቸው ላይ እንዲለጥፉ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። የኡጋንዳ ወላጅ ከእኛ የተለየ ፍጡር አይደለም። ወረቀት አነበበ፤ ጠየቀ። በቃ! እኛስ ለመጠየቅ ምን ጎደለን?

አንደበት እንዳይባል! የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነው። ደቡብ ኦሞ የሸንጎ አገር ነው። ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ከሙርሲዎች ጋር ዓመታት ኖሮ ከጻፈባቸው ነገሮች አንዱ የአደባባይ ንግግራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስለ ሙርሲ የሠራው ፊልምም ይህንኑ ሸንጎ ለዓለም አሳየ። ተናጋሪ ይነሣል። በተቀመጡት ፊት ወዲያ ወዲህ እየተራመደ ሐሳቡን ይዘረግፋል። ሲጨርስ ሌላው ይነሣል። ሊቀመንበር የለም፤ እጅ አይቆጠርም። ኮሞሩ የሚባለው ካህናቸው እንኳ አዝዞ አያስፈጽምም፤ አሳምኖ እንጂ። ስለ ጦርነት፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ድርቅ የሚወሰነው ሰው ተናግሮ ሲጠግብ ነው። ሐመሩም፣ ኛንጋቶሙም፣ ዳሰነቹም በየራሱ ወግ ሸንጎ ይቀመጣል። ወሬ አይደለም፤ ጥበብ ነው።

ይህን ሰው ትምህርት ቤት ስንጠራው ምን አደረግነው? ከኋላ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ አስቀመጥነው። በአማርኛ አወራነው። በአማርኛ ጻፍንበት። አስተርጓሚ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱን ጠራን። አስቡት እንግዲህ! አባት መምህሩ እንደሚቀር ሊከስ ይነሣል፤ የአባቱን ክስ መምህሩ ፊት ቆሞ የሚተረጉመው ልጁ ነው። ምን ብሎ ይተርጉም? ሽማግሌው የልጁን ዓይን አይቶ ይቀመጣል። እኛም «አርብቶ አደሩ የትምህርት ግንዛቤው ዝቅተኛ ነው» ብለን ሪፖርት ጻፍን። ግንዛቤ የጎደለው ማን ነበር?

እዚህ ላይ «እኛ» የምለው ማንን እንደሆነ ይታወቅ። ሐመሩን አይደለም፤ ዳሰነቹን አይደለም። እኛ አማርኛ የምንችለው ነን። መመሪያውን ያነበብነው፣ ጂንካ ተቀምጠን ደመወዝ የበላነው፣ ለሱፐርቪዥን ወርደን ውሎ አበል የፈረምነው፣ ከአዳራሽ ወጥተን ሻይ ቤት ውስጥ የተማረርነው። ወንበሩን ማስፋት እንችል ነበር። ስብሰባው በአካባቢው ቋንቋ ይሁን፣ ዛፍ ሥር ይሁን፣ ቃለ ጉባኤው ቆይቶ ይጻፍ ማለት እንችል ነበር። ማን ይከለክለን ነበር? ማንም። አላልንም።

ያልተባለው ነገር ዋጋውን አስከፍሏል። በሐመርና በአካባቢው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው በኮታ ነበር። ከዚህ መንደር ይህን ያህል፣ ከዚህ ቤተሰብ አንድ ልጅ፤ ሴት ልጅ ትጨመር። ዓላማው ክፉ አይደለም። ሴት ልጅ ትማር ማለት ትክክል ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ግን አባቷ የሚጠይቀው ጥያቄ አልነበረውም? ማታ የት ታድራለች? አዳሪ ቤቱን ማን ይጠብቃል? ስትታመም ማን ይነግረኛል? ተምራ ስትመለስ የእኔ ልጅ ናት ወይስ የእናንተ? እነዚህ የቦርድ ጥያቄዎች ናቸው። የቦርድ አጀንዳ ሆነው ቢቀርቡ መልስ ይገኝላቸው ነበር፤ ዘበኛ፣ አጥር፣ ሞግዚት፣ የጉብኝት ቀን። አልቀረቡም። በ2007 ዓ.ም. በሐመር በአርብቶ አደሩና በፖሊስ መካከል ደም ሲፈስ፣ ከማጎ ፓርክ የአደን ክልከላ ጎን ከተነሡት ቅሬታዎች አንዱ የልጃገረዶቹ ትምህርት ነገር ነበር። ዴስክ ላይ ያልተደመጠ ቃል በጥይት ተነገረ።

አናውቅም ነበር ልንል ነው? ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ክልል አብረን ሆነን፣ ወላይታ ሶዶ ምን እንደሆነ አይተናል። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ ወጋጎዳ በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። ወላጅ አልተጠየቀም። በ1992 ዓ.ም. ሕዝቡ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ መጽሐፉ ተነሣ። ያ መጽሐፍ ገና ረቂቅ ሳለ አንድ የወላጆች ስብሰባ «ይህ የማን ቋንቋ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር? የ1994ቱ መመሪያ የመጣው ከዚያ በሁለት ዓመት ነው። ደሙ ሳይረሳ። ትምህርቱ ትኩስ ነበር፤ እኛ ቀዝቃዞች ነበርን።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የዳሰነች ነገር ነው። የኦሞ ወንዝ ሙላት በነሐሴና በመስከረም ይደርስ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ሥራው መስከረም፣ ጥቅምት ነበር። መሬቱ እርጥበቱን ሳይጥል መዘራት ነበረበት፤ የሰው እጅ ሁሉ ይፈለግ ነበር፤ ወፍ የሚጠብቀውም ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መቼ ነው? መስከረም። ልጁ ይመዘገባል፤ በሳምንቱ ይጠፋል። እኛ መዝገቡ ላይ «አቋርጧል» እንላለን። ልጁ አላቋረጠም፤ እርሻ ላይ ነው! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ቦርዱ ፊት ቆሞ «የእኛ ትምህርት ቤት ኅዳር ይከፈት፤ ክረምት ላይ ይካካስ» ቢል ምን ነበረበት? አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የሚባለው እኮ የሰዓትና የወራት ማስተካከያ ተፈቅዶለት የመጣ ነበር። ወንዙን የሚያውቀው ሽማግሌ አልተጠየቀም። መመሪያውን የምናውቀው እኛ አልተናገርንም። ሁለቱ እውቀቶች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

ዛሬ እንናገር ብንል ጊዜው አልፏል። ኦሞ በግልገል ጊቤ 3 ተገደበ፤ ግድቡም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ የሚጠበቀው ዓመታዊ ሙላት ቀረ። ኋላ ደግሞ በማይጠበቅ ጊዜ ወንዙና የቱርካና ሐይቅ ተባብረው ሰፈሮችን አጥለቀለቁ፤ ሰው ከነከብቱ ተሰደደ። ከሙላቱ ጋር የሚሄድ የትምህርት ካላንደር የምንጠይቅበት ዘመን ነበረን። ከ1994 እስከ 2008፤ 14 ዓመት! አንድ ልጅ ከ1ኛ ክፍል ገብቶ 12ኛን ጨርሶ ሁለት ዓመት ይተርፈዋል። ሥራችን ምን ነበር በዚያ ሁሉ ዓመት? ማጽደቅ።

ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ደነገጥን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው ተባለ፤ 3.3 በመቶ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። አገር ጮኸ። እኛም ጮኽን። የምን መደንገጥ ነው? በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ከምንባቡ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም ነበር። የ2014ቱ ተፈታኞች አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩት በእነዚያው ዓመታት ነው። ልጁ ማንበብ እንደማይችል ቤታችን ውስጥ እናውቅ ነበር። ማታ ደብተሩን ስንገልጥ እናይ ነበር። «አንብብልኝ» ስንለው ሥዕሉን እያየ በቃሉ ይወጣው ነበር። በሰኔ ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ሲባል ግን ደስ አለን፤ ለምን እንደተዛወረ አልጠየቅንም። አሥር ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አዛወርነው። ከዚያ ፈታኙ ሲያቆመው ፈታኙ ላይ ጮኽን!

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በራችን ላይ ተሠራ። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር ጨፈርን፤ የሚያስጨፍርም ነው። ግን ከሃና፣ ከካንጋተን፣ ከቱርሚ ስንት ልጅ ለዚያ በር ይደርሳል ብሎ የጠየቀ የወላጆች ስብሰባ ነበር? አናቱ ላይ ሕንፃ ሲቆም ከሥር 1ኛ ክፍል ውስጥ 80 ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደሚማር የተናገረ ነበር? ነበር፤ በር ላይ።

በ2015 ዓ.ም. ክልል ተለወጠ፤ አሪም ከደቡብ ኦሞ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ማኅተምና ፋይል ተከፋፈለ። የቦርዱ ወንበር ግን ማንም ሳይነካው እዚያው ነበር። በዚያው ዓመት ትምህርት ለትውልድ የሚባለው ንቅናቄ መጣ። ትምህርት ቤቶቻችን ከደረጃ በታች ናቸው፤ ሕዝብ ይገንባ ተባለ። ተጠራን፤ መጣን። መጠኑ ተነገረን፤ አጉረመረምን። እጃችንን አወጣን። ከደመወዝ የተቆረጠብን ተቆረጠብን፤ በሬ የሸጠ ሸጠ፤ ድንጋይ ያቀረበ አቀረበ። ይህ ገንዘብ የእኛው ነው፤ የዓለም ባንክ አይደለም፤ የማንም ድጎማ አይደለም። ስንት ተሰበሰበ? የትኛው ክፍል ተሠራበት? ጣሪያው ለምን በግማሽ ቆመ? ደረሰኙስ?

በር ላይ ቆመን ተጠያየቅን እንጂ አንዳችንም ወደ አዳራሹ ተመልሰን አልገባንም።